እግር ያወጣው የጫጉላ ቤት

ባለፈው ሳምንት ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ ተዘጋ። አንድ የጭነት መኪና የኮንቴነር ሱቅ ጭኖ ሲታጠፍ፣ የሱቁ ጥግ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጣልቶ ወደፊትም ወደኋላም አልል ብሏል። ሾፌሩ ይሳደባል፣ ረዳቱ መሬት ወርዶ እጁን ያወናጭፋል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩንባውን ይነፋል። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር "በቃ ዛሬ እዚሁ ልናድር ነው" ብሎ ሞተሩን አጠፋ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ብቻዬን ስስቅ በመስታወቱ አይቶኝ "እማማ፣ ምን አሳቀዎት?" አለኝ። እማማ መባልን ገና አለመድኩትም፤ ቢሆንም መለስኩለት። "ይሄ ምን ቤት ማጓጓዝ ይባላል?" አልኩት። "ቤት ሲጓዝ ማየት ከፈለግህ የእኔን አባት ማየት ነበረብህ።" መንገዱ ቶሎ ስለተከፈተ ወሬዬን ሳልጨርስ ቤቴ ደረስኩ። ጀምሬ የተውኩት ነገር ስለማያስተኛኝ እነሆ ለእናንተ ልጨርሰው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሐዋሳ በጋሪና በብስክሌት የምትኖር ከተማ ነበረች። ከታቦር ተራራ ቁልቁል እስከ ሐይቁ ድረስ ብትሄዱ ከምታዩት መኪና የምታዩት ፈረስ ይበልጣል። እኔ በአንድ የመምህራን ማሰልጠኛ የኪነ ጥበብ መምህርነት እማር ነበር። እንዴት እዚያ ክፍል እንደገባሁ አትጠይቁኝ፤ የመረጥኩት ሂሳብ ነበር፣ የደረሰኝ ሥዕል ሆነ። እጄ ደግሞ አልታዘዝ አለ። ድስት ሥዬ ሳሳይ ጓደኞቼ ኮፍያ ነው ብለው እስከ መከራከር ደረሱ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ የሥዕል ትምህርቱን ወደቅሁ።

መምህራችን መምህር ወርቁ ይባሉ ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሸሚዛቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ እንኳ የማይታይ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን እውነቱን ሲናገሩ ማለስለስ አያውቁም። ቢሮአቸው አስጠርተውኝ "አልማዝ፣ በዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን ላይ ከፍ ያለ ውጤት ካላመጣሽ ትሰናበቻለሽ። መድገም የሚባል ነገር የለም" አሉኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እናቴ ልጄ መምህርት ልትሆን ነው ብላ ለሰፈሩም ለቤተ ክርስቲያኑም አውጃ ጨርሳለች። ተባርሬ ስመለስ የምትሆነውን ሳስብ እንባዬ ይቀድመኝ ነበር።

የሚገርመው፣ መሣል ባልችልም ትምህርቱን እወደው ነበር። መምህር ወርቁ ስለ ኪነ ጥበብ ዓይነቶች ሲናገሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሥዕል ለዓይን፣ ሙዚቃ ለጆሮ፣ ውዝዋዜ ለመላው ገላ፣ ቴአትር ለሁሉም በአንድ ላይ እንደሆነ ይነግሩናል። ሰው ለምን ሠራው የሚለው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ድምፃቸው ይለወጣል። ሰው ፈጣሪውን ሊያመሰግን ይዘምራል፣ ለሞተበት ሊያለቅስ ሙሾ ያወጣል፣ ያለፈውን እንዳይረሳ ይቀርጻል፣ ሹሙን ፊት ለፊት መናገር ሲፈራ በቅኔ ይወጋዋል። ይህን ስሰማ እኔ የማውቀው ሁሉ፣ የለቅሶ ቤቱም የመዝሙሩም ነገር፣ ስም ያገኘ መሰለኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈሉት። በግራ "ኪነ ጥበብ" በቀኝ "እደ ጥበብ" ብለው ጻፉ። በግራ በኩል ሥዕሉን፣ ቅርጻ ቅርጹን፣ ሙዚቃውን ደረደሩ። በቀኝ በኩል ሸክላ፣ ሽመና፣ ቅርጫት፣ አጥር አሉ። የግራው ነፍስን የሚያነቃ፣ የቀኙ እጅን የሚያግዝ ነው አሉ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄን አወጣሁ።

"መምህር፣ የእኔ አባት ከቀርከሃ ቤት ይጎነጉናል። እሱ በየትኛው በኩል ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ "ከሸማኔው ጎን አስቀምጧት!" አለ። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ አዲስ አልነበረም። አባቴ ጋሽ አንጁሎ ከጨንቻ ተራራ ወርዶ ሐዋሳ የገባ ዶርዜ ነው። የሸመነውን የሚለብሱት፣ ባጠረላቸው አጥር የሚከለሉት ሰዎች ናቸው የዶርዜን ስም እንደ ስድብ የሚጠሩት። ድሮ ዝም እል ነበር፤ ያን ቀን ግን ጆሮዬ ጋለ። መምህር ወርቁ ሳቁን በእጃቸው አስቆሙና "ሳላይ አልፈርድም። ኤግዚቢሽኑ ላይ አምጪውና እናየዋለን" አሉኝ።

የኤግዚቢሽኑ ሥርዓት እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከመጣበት አገር አንድ ሥራ ያመጣል፤ ራሱ ባይሠራውም ችግር የለም። በባህል አዳራሽ ሰፈር ካለ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያቆመዋል። ሦስት ዳኞች ሲመጡ አጠገቡ ቆሞ ዓይነቱንና ለሰው የሚሰጠውን አገልግሎት ያስረዳል። ከእርሳስና ከቀለም የገላገለኝን አምላክ አመሰገንኩ።

በዚያው ሳምንት ቤት ሄጄ አባቴን ለመንኩት። እሱ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ነበር። "አባባ፣ አንድ ትንሽ ቤት ሥራልኝ" አልኩት።

"ትንሽ?"

"አዎ፣ ትንሽ። ለሰው የሚታይ።"

ቢላዋውን አስቀመጠና አየኝ። "ምን ያህል ሰው ነው የሚያየው?"

"ኧረ ብዙ ነው! የከተማው ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ይመጣሉ።"

"እሺ" አለ። አባቴ እሺ ካለ በኋላ ሌላ ጥያቄ የለም። እኔ በልቤ ያሰብኩት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ በክንዴ አቅፌ የምወስዳት የቤት ምስል ነበር። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ፈተና ስለነበረ ከማሰልጠኛው ግቢ አልወጣሁም። እናቴ በሰው "ቤቱ እየደረሰ ነው" ብላ ላከችብኝ፣ ደስ አለኝ። ዐሥር የኪነ ጥበብ ጥቅሞችን በወረቀት ጽፌ እንደ ጥቅስ ሸመደድኩ። ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፈተናዬን ጨርሼ ቤቴን ለመውሰድ ወደ ታቦር ወጣሁ። ሰኔ ገብቶ ስለነበር መንገዱ እርጥብ አፈር ይሸታል።

ሰፈራችን መግቢያ ላይ ጎረቤታችን እትዬ አማረች አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ። "እንኳን ደስ ያለሽ! ምነው ደበቅሽን ታዲያ?" አሉኝ። ፈተና መጨረሴን ሰምተው ነው ብዬ አመሰገንኩ። ጥቂት ሄድ ስል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው አስቆሙኝና፣ ልጁ የየትኛው ማኅበረ ምእመናን አባል እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። የቱ ልጅ? ብዬ ሳልጨርስ ከግቢያችን አጥር በላይ አንድ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ።

ቤት ነው። የእውነት ቤት። ቁመቱ ሁለት ሰው ያህላል፣ ሆዱ ሰፊ ነው፣ በሩ ላይ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደፊት የወጣ ቅስት አለው። ከላይ የደረቀ የእንሰት ሽፋን ተደራርቦ ለብሷል። አባቴ ግንባሩን እየጠረገ በበሩ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

"አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ያልሽው። ትንሽ ቤት።"

"ይሄ ነው ትንሽ?"

"እኛ አገር ከቤት ሁሉ ትንሹ የጫጉላ ቤት ነው። ሙሽሮች የሚገቡበት። ከዚህ ካነሰ የዶሮ ነው። ላንቺ የዶሮ ቤት ልሥራ?"

የእትዬ አማረች እቅፍና የሽማግሌው ጥያቄ ያኔ ገባኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ የጋሽ አንጁሎ ልጅ ልትዳር ነው ሲል ከርሟል። እናቴ ደግሞ ጎረቤት ለሰርጉ ብሎ ያመጣውን ቅቤ አልመልስም ብላ ተቀብላለች። እዚያው ጉቶ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አዳራሹ ከታቦር ታች ነው፤ ይህን ቤት የሚሸከም ጋሪም መኪናም የለም። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ እጄን ዳኞች ፊት ልቆም ነው። "አለቀልኝ፣ ተባረርኩ" አልኩ። አባቴ ምኑ እንዳስለቀሰኝ ሊገባው አልቻለም።

"ቤቱ አያምርም?"

"ያምራል አባባ። ግን እንዴት ይሄዳል?"

"ቤት እኮ ይሄዳል" አለኝ፣ ፀሐይ ትወጣለች እንደሚል ሰው። እሱ ባደገበት አገር ምስጥ የቤቱን እግር ሲበላ ወይም ሙሽሮች ቦታ ሲቀይሩ፣ ሰዎች ተጠራርተው ቤቱን እንዳለ አንሥተው ያዛውሩታል። ይህን በተረት እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ቤት ቆሞ ሲቀር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ሞላ። ከአባቴ ጋር ከጨንቻ የመጡ፣ በየሰፈሩ ሽመናና አጥር የሚሠሩ ሰዎች ሃያ ያህል ሆነው መጡ። ከክፍሌ ደግሞ ወዳጄ ሶሎሞን ስድስት ልጆች አስከትሎ ደረሰ። ሶሎሞን የሲዳማ ልጅ ነው፣ ለረዥም ሥራ የተፈጠረ ትከሻ ነበረው። እናቴ ትኩስ ቆጮ ከጎመንና ከዳጣ ጋር አቀረበች፣ ዳጣው ያላስለቀሰው አልነበረም። ከዚያ አባቴ ራሱ ያጠረውን አጥር በገጀራ ከፈተው። ወፍራም አጣናዎች በቤቱ ወገብ ዙሪያ ታሰሩ። ግማሹ ሰው ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ያዘ። አባቴ በበሩ ቅስት ሥር ቆሞ "ሆ!" አለ።

ቤቱ ተነሣ። እስከ ዛሬ ልረሳው የማልችለው ያንን ነው። ቤት ከመሬት ሲለቅ ቀርከሃው ሁሉ አንዴ ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከሥሩ ሃምሳ ምናምን እግር ብቅ አለና መራመድ ጀመረ።

ቁልቁለቱን ስንይዝ ሰዉ ከየቤቱ ወጣ። የጋሪ ፈረሶች ደንግጠው ጆሮአቸውን ቀሰሩ፣ ብስክሌተኞች ወርደው መንገድ ለቀቁ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ኋላ ነቅቶ መኪናዎቹን አስቆመልን። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች የጫጉላ ቤት መሆኑን ሲሰሙ እልልታውን አቀለጡት። "ሙሽራዋ የታለች?" ሲሉ ሶሎሞን ተንኮለኛ ነውና በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። በአንድ ወገን የሰርግ ዘፈን ተጀመረ። በሌላ ወገን የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን፣ ይህን ያህል ሰው ዓለማዊ ዘፈን ሲዘፍንማ ዝም አንልም ብለው መዝሙር አነሡ። ሁለቱ እየተፎካከሩ፣ አባቴ በመሃል "ሆ! ሆ!" እያለ አስፋልቱን ሞላነው። ትናንት ያለቀስኩበትን ቤት ፊት ፊት እየሄድኩ ስመራው ራሴን አገኘሁት።

አዳራሹ ደጃፍ ስንደርስ ቤቱ ከበሩ ሁለት እጥፍ ይሰፋል። ይህን በልቡ ያላሰበ አንድም ሰው የለም፣ ግን ማንም አልተናገረም ነበር። ቤቱን ሣሩ ላይ አሳረፍነው። መምህር ወርቁ በጩኸቱ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሰው፣ ተከትለዋቸው ወጡ። "ደንቡ ግልጽ ነው። ሥራው አዳራሹ ውስጥ መቆም አለበት" አሉ።

ኪሴን ዳበስኩ። ወረቀቴን ብፈልግ የለም፤ በእልልታው መሃል ወድቋል። በዚህ መሃል ሰማዩ ጠቆረና የሰኔ ዝናብ፣ ያ ሳያስጠነቅቅ የሚወርደው ዝናብ፣ በባልዲ እንደሚደፋ ወረደ። አዳራሹ በር ላይ የተኮለኮለው ሰው መግቢያውን ስለዘጋው ወደዚያ መሮጥ አልተቻለም። አባቴ "ግቡ! ግቡ!" አለ። መምህር ወርቁ ጎንበስ ብለው ገቡ። ዳኛው መነጽራቸውን ይዘው ገቡ። ሸማኔዎቹ፣ ተማሪዎቹ፣ አንድ ጋሪ ነጂ፣ እትዬ አማረች፣ ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ገባ። ቀሪዎቹ ሁለት ዳኞችም ከአዳራሹ ወጥተው እየሮጡ መጡ፤ የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ በዝናቡ ጩኸት ውስጡ መደማመጥ አልተቻለም ነበር።

ውስጡ ለስላሳ ጨለማ ነው። አዲስ ቀርከሃ ይሸታል። ዝናቡ ከላይ ሲመታ የሚሰማው እንደ ሩቅ ጭብጨባ ብቻ ነበር፣ ጠብታ ግን አልገባም። ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ቆመ። መምህር ወርቁ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና "እሺ አልማዝ፣ ዳኞቹ ሁሉ እዚህ ናቸው። ይህ ሥራ ለሰው ምን ያገለግላል?" አሉኝ።

የሸመደድኳቸው ዐሥር ጥቅሞች አንዳቸውም አልመጡም። ዙሪያዬን አየሁና "መምህር፣ እየተገለገላችሁበት እኮ ነው" አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። መነጽር ያደረጉት ዳኛ ግን አልሳቁም። "መጠለያ መሆኑን አየን። ኪነ ጥበቡ የቱ ጋ ነው?" አሉ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። የቤቱ ጣሪያ ጠበብ የሚልበት ቦታ ላይ፣ ቀርከሃው ከሌላው በተለየ እየተሻገረ፣ ጥቁሩ ከነጩ እየተፈራረቀ የሚዞር ጉንጉን ነበር። ሦስት ሳምንት ከሠራው ሥራ ከሁሉ የረቀቀው እሱ ነው።

"ይሄ ቤቱን አያጠነክርም" አለ፣ በዚያ በተቆጠበ አማርኛው። "ዝናብም አያስቀርም። ባይኖር ቤቱ ይቆማል።"

"ታዲያ ለምን ተሠራ?" አሉ ዳኛው።

"ለሙሽራዋ ነው። ከእናቷ ቤት ወጥታ፣ በማታውቀው ቤት፣ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ትነቃለች። ትፈራለች። ወደ ላይ ስታይ የምታየው ነገር ይኑራት።"

 ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና መልሰው አድርገው ወደ ላይ አዩ። ሁላችንም አየን። መምህር ወርቁ ለረዥም ጊዜ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆዩ፤ ከዚያ በዚያ ጥበት ውስጥ እንደምንም ዞረው ለአባቴ እጅ ነሡ። እኔ አባቴ ይህን ጉንጉን የራሱ ፈጠራ አድርጎት ይሁን ከአባቶቹ ወርሶት እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ያን ጊዜ ደረቴ ለልቤ መጥበቡን ነው። የሸማኔ ልጅ በመሆኔ በዚያች ደቂቃ ኮራሁ፤ ኮርቼም ቀረሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ዳኞቹ የአዳራሹንም ሥራዎች አይተው ጨረሱና ውጤቱ እዚያው ሣሩ ላይ ተነገረ፤ የአዳራሹን ደንብ ዳግም ያነሣ ሰው አልነበረም። አንደኛ ወጣሁ። እናቴ የተቀበለችውን ቅቤ ለመመለስ ምክንያት አጣች፣ ይልቁንም ድግስ ደገሰችበት። ሰኞ ዕለት መምህር ወርቁ አባቴን ክፍል ጋብዘው እንዲያስተምረን ለመኑት። አባቴ ገባ፣ በተርታ የተቀመጥንበትን ወንበር አየ፣ ሰሌዳውንም አየ። "እዚህ አይሠራም፣ ተነሡ" አለና ወደ ዛፍ ጥላ ይዞን ወጣ። ያ ከኋላዬ የሳቀው ልጅ በቢላዋ ጣቱን ቆረጠ። መምህር ወርቁም ሸሚዛቸውን ጠቅልለው ከተማሪዎቹ መሃል ተቀምጠው የመጀመሪያዋን ቅርጫት ጎነጎኑ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ድስት አትሻልም ነበር።

ተመርቄ መምህርት ሆንኩ፣ ብዙ ዓመትም አስተማርኩ። ከዚያ በኋላ ያገባሁት ሰው ከቀርከሃ ቤት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ የመጀመሪያው ቤታችን ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነበር። በሰርጋችን ማግስት ጠዋት ስነቃ ወደ ላይ አየሁ። ነጭ ኮርኒስ፣ አንድ የውሃ እድፍ። በዚያው ሳምንት ወንበር ላይ ወጥቼ በዚህ ባልታዘዘ እጄ ዙሪያውን ጉንጉን ሣልኩበት። ባለቤቴ ስቆ ስቆ ሲያበቃ ቀለሙን ይዞልኝ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ቤት በቀየርን ቁጥር እንዲሁ አደርጋለሁ። አባቴ በሕይወት እያለ እየመጣ ወደ ላይ አይቶ "እዚህ ጋ ተሳስተሻል" ይለኝ ነበር።

ኪነ ጥበብ ምን ይጠቅማል ለሚሉኝ ብዙ መልስ አለኝ፤ ሥራዬ ነበርና። ያስተምራል፣ ያጽናናል፣ ይገሥጻል፣ ያሰባስባል፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን ቤቱ ያለ እሱ መቆም የሚችል መሆኑን ሳልደብቅ ነው የምናገረው። ቤቱ ይቆማል። የምትነቃው ሰው ናት የማትቆመው።

ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ሆኜ ሳይ ኮርኒሱ ላይ የሣልኩት ጉንጉን አንዱ ጥግ ደብዝዟል። መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። ልጄ ሰምቶ ሮጦ መጣና "እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ! ደግሞስ ማን ሊያየው ነው?" ብሎ ጮኸብኝ።

"እኔ ነኛ" አልኩት። "ይልቅ መሰላሉን ያዝና ሰማያዊውን ቀለም አቀብለኝ።"